ዓሣው የተበላሸበት ሁዳዴ

በቅርቡ ኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። መብራቱ ሲመለስ ፍሪጁ አልሠራም፤ ተበላሽቷል። በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ከሐይቅ የመጣልኝ ዓሣ ነበር፤ ላበስለው ባልኩት ቀን ሳላበስለው ቀርቼ እዚያው ሞቷል፣ ዓሣ ሁለት ጊዜ ይሞታል ከተባለ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ግቢ ስትሮጥ እኔ የፍሪጁን በር እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ለእኔም ደስ አይልም። ግን አውቀዋለሁ። ከእህቴ ከሰዓዳ ቀሚስ ላይ አውቀዋለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መፈክር ካላሰማን ክፍል አንገባም፤ ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው ዳር በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ይመር ዓሣ አስጋሪ ነው። ድሮ በራሱ ታንኳ ይሠራ ነበር፤ በኋላ አስጋሪዎቹ ሁሉ በማኅበር ሲደራጁ እሱም ከነመረቡ ገባ። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም። ያሳደገችን የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘምዘም ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ስትናገር ድምፅዋ ከቤት የሚቀድም ሴት። እህቴ ሰዓዳ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሴቶችን ፊደል ታስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውኃው ዳር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ትበልታለች፤ በቢላዋዋ ሆዱን ሰንጥቃ አንጀቱን ለአሞራ ስትወረውር እጇን አታየውም ነበር።

አክስቴ ይህ ሁሉ አይዋጥላትም።

«ሴት ልጅ ናት፣ ይመር» ትለዋለች። «ጫማ ገዛህላት። ትምህርት አስጨረስካት። አሁን ደግሞ ከወንድ ጋር ዓሣ! አሞላቀቅካት። አበላሸሃት።»

አባቴ ይስቃል። መልሱ ይኸው ነበር።

የክርስቲያኑ ሁዳዴ ለእኛ የሥራ ወቅት ነው። ቄሶቹ ዓሣ አይበላም ቢሉም የደሴ ሰው ይበላ ነበር፤ በጾም ጊዜ የሚጫነው ዓሣ ሁሉ ይሸጣል። ማኅበሩ ከደሴ የምትመጣ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ዓሣው በእርጥብ ደንገል ተሸፍኖ ይጫናል፤ ጸሐይ ሳይበረታ መድረስ አለበት። ገዢ ያው ገዢ ነው፤ ከዓሣው ጭንቅላት ጎን ያለውን ክዳን በጣቱ ገልጦ ውስጡን ያያል። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ወደ አመድ ከሄደ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። እኔም ማወቅ የቻልኩት ያንኑ ነበር። ቀይ ደህና ነው፣ አመድማ መጥፎ።

በዚያው ዓመት ሰዓዳ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ከማል የውጫሌ ነጋዴ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ከአባቱ ጋር መጥቶ፣ የራሱን ጫማ ሲያይ ውሎ ሄደ። አክስቴ «ጨዋ ነው» አለች። ሰዓዳም የላኩላትን ሐር ሻሽ አንዴ አድርጋው በመስታወት ስታየው አይቻለሁ። ሠርጉ ከክረምቱ በፊት እንዲሆን ተቆርጧል።

ዓሣውን አጅቦ ደሴ ድረስ የሚያስረክብ የማኅበሩ ሰው ነበረ። በሁዳዴ መካከል ወባ ጣለው። መኪናዋ ተጭናለች፣ ጸሐዩም ከቀትር አልፏል፤ የሚሄድ ጠፋ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማንበብና መፈረም የሚችል ሰው ሲፈልግ አባቴ፣

«ሰዓዳ ትሂድ» አለ።

አክስቴ እዚያው ነበረች። «በጋቢና? ከወንድ ጋር?»

«ከጋሽ ተፈሪ ጋር ነው፣ እቴ።»

ጋሽ ተፈሪ ሹፌሩ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ የሚስቱን ስም ሳያነሳ ሁለት ቃል የማይናገር የደሴ ክርስቲያን። ረዳቱም አብሮ ነበር። ሰዓዳ እጇን በውኃ ታጥባ፣ ሻሽዋን አጥብቃ አስራ ወጣች። ስትወጣ ለእኔ ከረሜላ ከደሴ አመጣልሻለሁ አለችኝ።

በዚያ ቀን አልተመለሰችም። አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ሰዓት እላፊ ደረሰና የቀበሌ ጥበቃዎች ወደ ቤት መለሱት። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ መጣች። መምጣቷን ያወቅነው በሽታው ነው፤ ሞተሯ ድምፅ የለውም። ሰዓዳ ከጋቢናው ወረደች። ቀሚሷ በዓሣ ውኃ ርሷል። ጋሽ ተፈሪ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከመኪናው አጠገብ ቆመ፤ ወደ እኛ ቤት ቀና ብሎ አላየም።

ነገሩን በራችን ላይ ነገረችን። ወደ ደሴ ከሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ የመኪናዋ ፍሪሲዮን ተቃጥሎ ቆመች። ጋሽ ተፈሪ ረዳቱን በሚያልፍ መኪና አሳፍሮ መካኒክ እንዲያመጣ ላከው። ሳይመለስ ሰዓት እላፊ ደረሰ።

«አንቺስ የት አደርሽ?» አለች አክስቴ።

«ከመንገዱ በላይ ቤት አለ፤ አጥሩ እሾህ ነው። ጋሽ ተፈሪ እዚያ ወሰደኝና ለባለቤቷ ‘እመት፣ ይችን ልጅ አደራ’ ብሎ ሰጠኝ። እሱ ተመልሶ ከዓሣው ጋር አደረ።»

«ማን ትባላለች ሴትዮዋ?»

«አልጠየቅኋትም። ጨለማ ነበር፤ ሽሮ ሰጠችኝ፤ ከጎኗ አስተኛችኝ። ጠዋት መኪና ሲመጣ ሮጬ ወጣሁ።»

«ማን አየ?»

«እሷ አየቻ!» አለ አባቴ። «አልሃምዱሊላህ፤ በሰላም ገብታለች። ግቢና ልብስሽን ቀይሪ።»

ዓሣውን ውኃው ዳር ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። አሞራው ከዚያ ቦታ ብዙ ቀን አልተነሳም። ሰዓዳ ቀሚሱን በእንዶድ ደጋግማ አጠበችው፤ ሽታው ግን አለቀቀም። ቃል የገባችልኝን ከረሜላ ማንም አላነሳው፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወሬውን የሰማሁት ቦኖ ውኃ ላይ ነው። ጀሪካኔን ከሰልፉ አስገብቼ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜያለሁ።

«የይመር ልጅ ተበላሸች አሉ» አለች አንዷ።

«መች ይቀራል! ከሹፌር ጋር አድራ!»

«አባቷ ነው ያበላሻት። ያንን ሁሉ አሞላቆ።»

ዞር ብለው አዩኝ። አንዷ ጀሪካኔን ሞልታ ሰጠችኝ፤ ተራዬ አልነበረም።

እኔ የሰማሁትን እንደሰማሁት ነው የያዝኩት። መኪናው ተበላሸ፤ በዚያው ምክንያት ዓሣው ተበላሸ፤ ከዚያ ሰዓዳ ተበላሸች። ነገሩ እንደ ኩፍኝ ተላላፊ መሰለኝ። ከመኪናው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ እሷ ሄዷል። ፀጉሬን ልትሠራኝ ስታጎነብስ አንገቷን አሸተው ጀመር። አንዳንድ ቀን ሳሙና ነው፣ አንዳንድ ቀን ዓሣ ነው። ዓይኗን አየሁት። ቀይ ነበር፤ በየቀኑ ይቀላ ነበር። ቀይ ማለት ደህና ማለት ስለሆነ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ሆኖም መጠንቀቅ ይሻላል አልኩ። አክስቴ ያልተሸጠ ዓሣ ላይ ጨው እያሸች «ጨው የነካው አይበላሽም» ስትል ሰምቻታለሁ። ሰዓዳ ለፀጉሯ የምትቀባው ቅቤ በትንሽ ቆርቆሮ ነበር የሚቀመጥ። ከአክስቴ የጨው ቅል ዘግኜ ከቅቤው ጋር በጣቴ አዋሃድኩት።

አርብ ጠዋት ሰዓዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ፈታች። ቅቤውን ወስዳ ራሷ ላይ አሸችው። እጇ ቆመ። ጣቷን ቀመሰች።

«ፋጤ፣ ነይ እስቲ። ቅቤዬ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ጨው።»

«ለምን?»

«እንዳትበላሺ።»

መጀመሪያ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር፤ ከቤት ውስጥ አክስቴ «ምንድን ነው?» እስክትል ድረስ ሳቀች። ከዚያ በቅቤ የተቀባ እጇን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች ማልቀስ ጀመረች። እንዴት እንደምይዛት አላወቅኩም፤ ቀሚሷን ጫፉን ያዝኩት።

«ከዚህ ሁሉ አገር» አለችኝ በመጨረሻ፣ «መድኃኒት የፈለግሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ራሷን እኔው አጠብኳት። ጨው ከፀጉር ቶሎ አይወጣም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ሙሉጌታ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ገጹ የተላቀቀ መዝገበ ቃላት ነበረው፤ በጎማ አስሮ ነበር የሚይዘው። በዚያ ሳምንት ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈ፤ ስፖይል።

«አንድ ቃል ነው» አለ፤ «የሚገባበት ቤት ግን ብዙ ነው።»

ወተት ቢያድር ስፖይል ይሆናል። ዝናብ ሠርግ ላይ ቢዘንብ ሠርጉን ስፖይል ያደርገዋል። ለልጅ የጠየቀውን ሁሉ የሚሰጥ አባት ልጁን ስፖይል ያደርጋል። በስተመጨረሻ ደግሞ አንድ ፊደል ሲጨመርበት ከጦርነት የሚገኝ ምርኮ ማለት ይሆናል አለን፤ እኛም ምርኮን ከሬድዮ ስለምናውቀው ራሳችንን ነቀነቅን። ላለፈ ጊዜ ስፖይልት ማለትም ስፖይልድ ማለትም ይቻላል፤ ሁለቱም ልክ ነው። ይህን ያለው በኩራት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ልክ የሚሆነው ስንቴ ነው?

ለቤት ሥራ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ አለን። በማግሥቱ እኔን አስነሳኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። መኪናው ስፖይልት። ዓሣው ስፖይልት። እህቴ ስፖይልት።

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሳ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እሱ በአማርኛው ነው!» አለ፤ ሳቁ ጨመረ።

ቲቸር ሙሉጌታ አልሳቀም። የሐይቅን ወሬ እሱም ሳይሰማ አልቀረም። ልጁን አስነስቶ ሰሌዳው አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመውና ወደ እኔ ተመለሰ።

«አንደኛው ልክ አይደለም» አለ። «መኪና ስፖይል አይሆንም። ለመኪና ሌላ ቃል አላቸው፤ መኪና ይሰበራል፣ ይቆማል፣ ይጠገናል። እኛ ነን ሁሉን በአንድ ጆንያ የከተትነው። ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛው...» ጠመኔውን ኮቱ ላይ ጠረገ። «ሦስተኛው አድራጊ ይፈልጋል። ማን ነው እሷን ስፖይል ያደረጋት?»

«አባቴ» አልኩ።

«እንግዲያው አባትሽ ይወዳታል ማለት ነው። ቁጭ በይ።»

ደወል ሲደወል ጠራኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ አትበይው አለኝ።

«ስህተት አለው?»

«ሰዋስዉ ስህተት የለውም።»

«ታዲያ?»

መዝገበ ቃላቱን በጎማው ሲያስር ቆየ። «ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ነገሩ ስህተት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ፋጡማ» አለ። አልገባኝም። የገባኝ ሌላ ነበር፤ አክስቴ በአማርኛ ያለችው እውነት መሆኑ በእንግሊዝኛም ተረጋግጧል። አባቴ ሰዓዳን ወዷት አበላሽቷታል። ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን አባቴ ከገበያ ሸንኮራ ይዞልኝ መጣ። ሁልጊዜ ያመጣልኛል፤ በጥርሱ ልጦ፣ ጣፋጩን ከሥሩ በኩል ቆርጦ ይሰጠኛል። እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«አታሞላቅቀኝ፣ አባዬ።»

«ምን?»

«ሰዓዳን ያበላሸሃት በዚህ ነው።»

ሸንኮራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «ማን አለሽ?»

«አክስቴ ብላለች። ቲቸርም በእንግሊዝኛ አንድ ነው ብሏል።»

መደቡ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ትልቅ ሰው ነበር፤ ሲቀመጥ ግን በዚያ ቀን ትንሽ ሆኖ ታየኝ። እጁን አየው፤ በመረብ ገመድ የተቦጫጨረ እጅ ነው።

«ዓሣ ለምን እንደሚበላሽ ታውቂያለሽ?»

«ስለሚያድር።»

«ስለሚተዉት ነው። ያነሳው፣ የሸፈነው፣ የፈለገው ሰው ካለ አይበላሽም። እኔ አንቺንም እሷንም አልተውኩም፣ ፋጤ።»

ሸንኮራውን ግን አልወሰድኩም። እዚያው ግድግዳው ላይ ደርቆ ሰነበተና የጎረቤት ጥጃ በላው። አባቴም ለጊዜው ሌላ አላመጣልኝም፤ እኔም ከመበላሸት የዳንኩ እየመሰለኝ በየገበያው ቀን ባዶ እጁን አይቼ ከፍቶኝ እተኛ ነበር።

ከውጫሌ ሽማግሌዎች መጡ። የሚመራቸው ሸህ ኑሩ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ቆዳ ተነጥፎላቸው፣ ጫት ቀርቦላቸው፣ ዱዓ ተደርጎ ተቀመጡ። እኔ፣ አክስቴና ሰዓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ነን። ከማል አልመጣም።

«ይመር» አሉ ሸህ ኑሩ፣ «ወሬ ሰምተናል። ልጅቷን ጠልተን አይደለም። የሰው አፍ ነው። ሁለት ባልቴቶች ይዘን መጥተናል፤ ይዩዋት። ደህና ከሆነች ሠርጉ በቀኑ ነው።»

አክስቴ ሰዓዳን አየቻት። ሰዓዳ መሬቱን ታያለች።

«ሸህዬ» አለ አባቴ፣ «እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ። ገዢ ሲመጣ ክዳኑን ገልጦ ያያል፤ አይከፋኝም፤ ዓሣ ነው። ልጄ ግን ዓሣ አይደለችም። ማንም ገልጦ አያያትም።»

ሸህ ኑሩ የጫት ቅጠል ቀነጠሱ።

«እንግዲያስ ምስክር አምጣ» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «አደረችበት የተባለው ቤት ሴትዮ ትምጣ።»

«ምስክሬ ልጄ ናት። ነግራኛለች፤ ሰምቻታለሁ።»

«ይህማ እልህ ነው፣ ይመር።»

«ይሁን።»

ለሚመጣው ጁምዓ መልስ እንጠብቃለን ብለው ሄዱ። ሲወጡ አክስቴ በአባቴ ላይ ያልተናገረችው የለም። ልጅቷን ቀበርካት፤ ማን ይወስዳታል ከእንግዲህ፤ አንዲት ሴትዮ ፈልጎ ማምጣት ምን ይከብዳል። አባቴ «ልጄን በምስክር አልመዝናትም፣ እቴ» አለና ወደ መረቡ ሄደ።

በማግሥቱ ስነሳ አክስቴ የለችም። በትሯም ከበሩ ኋላ የለም። ጎረቤት ጎህ ሲቀድ በደሴ መንገድ ሽቅብ ስትሄድ አየኋት አለን። ያን ቀን አልተመለሰችም፤ በማግሥቱም አልመጣችም። ሰዓዳ ሥራዋን ትታ መንገዱን ማየት ጀመረች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አክስቴ እግሯ አብጦ፣ ከኋላዋ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች አሮጊት አስከትላ ደጃፋችን ላይ ቆመች።

«ይቺት» አለች። በመንገዱ ዳር እሾህ አጥር ያለውን ቤት ሁሉ እያንኳኳች «አደራ ልጅ ያሳደረ አለ?» ስትል ነው የከረመችው። ሴትዮዋ እመት ብርቄ ይባላሉ። ሰዓዳን ሲያዩ «አንቺ ደህና ሁኚም ሳትይኝ!» ብለው ጉንጯን ሳሙ። አክስቴ ውኃ አሙቃ መጀመሪያ የእሳቸውን፣ ቀጥላ የራሷን እግር አጠበች።

ጁምዓ ሽማግሌዎቹ መጡ። እመት ብርቄ በነጠላቸው ተሸፍነው መካከል ላይ ቆሙ።

«በግሸኗ ማርያም ይሁንብኝ» አሉ። «ይህች ልጅ ከጎኔ ነው ያደረች። እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ሰውዬውም ከታች መኪናው ላይ ሲያስል ይሰማኝ ነበር። አደራ ብሎ የሰጠ ሰው ነው፤ ምን አደረገ ነው የምትሉት?»

ሸህ ኑሩ ጺማቸውን ዳበሱ። «መርየምን ጠርታ ከማለች እኛ ምን እንጨምራለን? እኛም እናከብራታለን። አልሃምዱሊላህ። ሠርጉ በቀኑ ነው።»

አክስቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት መጋረጃው ተገለጠ። ሰዓዳ ወጣች። የሽማግሌውን እጅ ሳመች፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባዬ፣ ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«እኔ ውጫሌ አልሄድም።»

«አብደሻል!» አለች አክስቴ።

«ከማል መጥቶ ምን ሆነሽ ነበር አላለኝም፤ ባልቴት ላከብኝ።» እጇ ሻሽዋን ይጠመዝዝ ነበር። «እመት ብርቄ ባይገኙ ኖሮ ተበላሽታለች ተብዬ እቀር ነበር፤ የሆነው ነገር ግን ያው ነው። ነገ ደግሞ ሌላ መኪና ይበላሻል። ያን ጊዜ እመት ብርቄን ከየት ላምጣ?»

ሸህ ኑሩ ወደ አባቴ ዞረው «ይመር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ።

«ሰማችኋት» አለ አባቴ።

ሐር ሻሹ ታጥፎ ተመለሰላቸው። ሸህ ኑሩ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ሰዓዳን መረቁ። ምርቃቱ ከልባቸው ይሁን ከልማድ አላውቅም። እመት ብርቄ አሮጌ ዘንቢላቸው የደረቀ ዓሣ ተሞልቶላቸው በአውቶብስ ሄዱ። አክስቴ ለሰዓዳ ቃል አልተነፈሰችላትም። ምግቧን ታቀርብላታለች፤ አትናገርም። እግሯ እስኪድን በትር ይዛ ነበር የምትሄድ፤ በሰዓዳ ፊት ስታልፍ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ታነክሳለች።

መኪናዋ ተጠግና መጣች። ወባ የያዘው ሰውዬ ገና ከአልጋው አልተነሳም። ዓሣው ተጭኗል፣ ደንገሉን ለብሷል። ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ አየና ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

«ሰዓዳ ትሂድ» አለ አባቴ።

አስጋሪዎቹ ሥራቸውን አቆሙ። ጋሽ ተፈሪ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ሰዓዳ እጇን ታጠበች፤ ረጅም ጊዜ ታጠበች። ወደ ጋቢናው ስትሄድ ሁላችንም እናያታለን፤ እግሯን መወጣጫው ላይ ስታሳርፍ ከኋላችን የበትር ድምፅ መጣ።

«ገለል በይ» አለች አክስቴ ዘምዘም።

ሰዓዳን በክንዷ ገፍታ ቀድማ ወጣችና ከሹፌሩ አጠገብ፣ መካከሉ ላይ ተቀመጠች። በትሯን በጉልበቶቿ መካከል ተከለች። ሰዓዳ ከጎኗ ገባች። ከዚያ አክስቴ በመስኮቱ አየችኝና «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች፤ አባቴ ብብቴን ይዞ አነሳኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠኝ።

«እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ» አለ ጋሽ ተፈሪ፣ ወደ ጎን ሳያይ።

«ንዳ» አለችው።

ከውኃው ዳር ወደ ከተማው ወጣን። መንገዱ በቦኖው በኩል ያልፋል፤ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ጋቢናው ውስጥ ማን እንዳለ ሲያዩ ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ የሚዘጋው ሰው ጠፋ። ሰዓዳ አንገቷን ሰበረች። ጋሽ ተፈሪም ቶሎ ለማለፍ ነዳጁን ረገጠ።

አክስቴ ክንዱን በበትሯ ጫፍ ነካችው።

«የት ትሮጣለህ?» አለችው። «ቀስ ብለህ ንዳ፤ ይዩን።»